ከአሥራ ሁለተኛው ረድፍ በታች

ሀሴት በተወለደች በዘጠነኛው ቀን አያቷ ፈትለወርቅ ከገዛ ቤቷ ነዋሪነት ወጣች። ማንም አላባረራትም። ልጇ ምንተስኖት እንደ ማንኛውም ጨዋ አባት ሕፃን ልጁን ሊያስመዘግብ በጠዋት ወደ ወረዳው ሄደ፤ ከሰዓት በኋላ ማኅተም ያረፈበትን የቤተሰቡን ቅጽ በላስቲክ አልብሶ ተመለሰ። ቅጹ አሥራ ሁለት ረድፍ አለው። በመጀመሪያው ላይ ሀሴት ምንተስኖት፣ ዕድሜ ዘጠኝ ቀን ይላል። በመጨረሻው ላይ፣ እስከ ትናንት አሥራ አንደኛ የነበረው የምራቷ ወንድም ጥጋቡ ተቀምጧል። እስከ ትናንት አሥራ ሁለተኛ የነበረችው ፈትለወርቅ የለችም።

በ2071 ዓ.ም. የወንዝ ማዶ ከተማ ነዋሪ ለዚህ ማብራሪያ አይጠይቅም። ቅጹ ሲከፈት ስክሪኑ አሥራ ሁለት ስም ያሳያል። የታየው ይታተማል፣ የታተመው ማኅተም ይመታበታል፣ ማኅተም የተመታበት ሰው አለ። ሌላው ምናልባት ከታች ይኖር ይሆናል፤ መንግሥት ግን በምናልባት አይሠራም። አዋጁ ራሱ ከሦስት ቃል አይበልጥም፦ «የሚታየውን ብቻ አትሙ።» አጭር ስለሆነ ሁሉም በቃሉ ይዞታል፤ በአገሩ አጭር አዋጅ ብርቅ ነው።

ስሞቹ በፊደል ተራ ስለሚሰለፉ ሕዝቡ ብልጥ ሆነ። መንግሥትን ከመጠየቅ ልጅን ሀብታሙ ማለት ይቀላል። በየትምህርት ቤቱ መምህሩ «ሀብታሙ!» ሲል ስድስት ልጅ ይነሣል፤ «ሀና!» ሲል የቀረው ይነሣል። ለጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ ዘር መቁጠር ቀርቶ የልጅቱ ስም በየትኛው ፊደል እንደሚጀምር ይጠየቃል። ጎረቤት ከጎረቤት በደረጃ ላይ ሲገናኝ «ደህና ታያችሁ?» ይባባላል፤ መልሱም «ተመስገን፣ ታየን» ነው። እንዲህ ተባብለው ሲያበቁ በእውነት ደህና የሆኑ ይመስላቸዋል።

የመኖሪያ ሕንጻው በር የሚከፈተው ቅጹን አንብቦ ነው። አዲስ ቅጽ ከወጣ በኋላ አሮጌው ለአሥራ አምስት ቀን ያገለግላል። ከዚያ በኋላ ፈትለወርቅን በሩ አያውቃትም፤ የሚቀበላት በቀለበት መንገዱ ድልድይ ሥር ያለው ታችኛው ሰፈር ነው። እዚያ የሚኖሩት ፋንታሁኖች፣ ፍሬሕይወቶች፣ ጸዳለዎች ናቸው፤ ወንጀላቸው እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም ነው።

ምንተስኖት ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ እናቱን ማየት አቃተው።

«እማዬ፣ ጠይቄያለሁ። ስም ማስቀየር ይቻላል አሉ። ሦስት ዓመት ይፈጃል።»

«ታዲያ ልጠብቃ።»

«ለማመልከት ግን የታዩበት ቅጽ ያስፈልጋል።»

ምራቷ ራኬብ ሕፃኗን ታቅፋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ምንተስኖት አንዴ ወደ እርሷ፣ አንዴ ወደ ግድግዳው አየ።

«ጸሐፊዋ ሌላም መላ ነግራኛለች። ልጅቱ ክርስትና እስክትነሣ ገና ሰማንያ ቀኑ አልሞላም። እስከዚያ እርሷን ብናስወጣት እርስዎ ይመለሳሉ። ክትባቷ ይቀራል፤ በሩም… ከቤት ካላወጣናት በሩ አያገኛትም።»

ራኬብ ልጅቱን ወደ ደረቷ ጠጋ አደረገቻት። ያን ፈትለወርቅ አየች።

«አፍህን ዝጋ!» አለች። «ስልሳ አራት ዓመት የታየሁት ይበቃኛል። የዘጠኝ ቀን ልጅ አስወጥቼ በእርሷ ቦታ ልተኛ? እንዲህ ብለህ ዳግመኛ እንዳትናገር።»

ተናግራ ወደ ጓዳ ገባች። ንዴቷ በልጇ ላይ አልነበረም። በጸሐፊዋም ላይ አልነበረም። ፈትለወርቅ የተናደደችው በራሷ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ያቺን ሦስት ቃል የጻፈቻት እርሷ ናት።

ጉዱ እንዲህ ነው። ከሠላሳ ሦስት ዓመት በፊት ፈትለወርቅ በዚያው ወረዳ የመዝገብ ሠራተኛ ነበረች። አንድ ሰሞን ወረቀት ጠፋ፤ የነበረውም ጥቂት ስለሆነ ባለጉዳይ ሁሉ ደጅ ላይ ፀሐይ ሲመታው ይውላል። እርሷም ጉዳዩ እንዲንቀሳቀስ ብላ በግማሽ ወረቀት ላይ ማስታወሻ ጻፈች፤ በቁስል ፕላስተር ከስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጠፈችው። ማስታወሻው ሁለት ዓረፍተ ነገር ነበረው። የመጀመሪያው «የሚታየውን ብቻ አትሙ» ይላል። ሁለተኛው «ወረቀት ሲገባ ወደ ታች አውርዳችሁ የቀሩትን በሁለተኛ ገጽ አትሙ» ይላል። ታዲያ ወረቀቱ ረዝሞ ወደ ቁልፎቹ ስለተንጠለጠለና ጣት ስላስቸገረ፣ አንዱ የቢሮ ሰው የታችኛውን ግማሽ ወደ ኋላ አጠፈው።

በሳምንቱ ከበላይ መሥሪያ ቤት የልዑካን ቡድን መጣ። ምርጥ ተሞክሮ ሊቀምር ነው የመጣው። በወረዳው ውስጥ ሰልፍ የሌለበት መስኮት የፈትለወርቅ ብቻ ስለነበረ ማስታወሻውን ፎቶ አነሡት። የታየውን አነሡት ማለት ነው። ፎቶው ሪፖርት ላይ ወጣ፣ ሪፖርቱ መመሪያ ሆነ፣ መመሪያው ወደ ሌሎች ከተሞች ይስፋፋ ተባለ፣ ሲስፋፋ ኖሮ አዋጅ ሆነ። ወረቀት በሦስተኛው ሳምንት ገብቷል። ማንም አልጠየቀም።

ፈትለወርቅም ዝም አለች። መጀመሪያ ደስ ብሏት፣ ቀጥሎ አፍራ፣ በመጨረሻም ለምዳ ዝም አለች። ሰዎች ከረድፍ ሲወድቁ ታያለች፤ እርሷ ግን በቤተሰቡ ቅጽ አሥራ ሁለተኛ ነበረችና ያላዩት አገር አይናፍቅም ብላ ታልፋለች። ከወረዳው በር ላይ ሠላሳ ዓመት የቆመው ዘበኛ ጋሽ ጻድቁ እንኳ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የወንድሙ ልጅ ሲወለድ ወደቀ። ቀን ሰው በቅጽ ሲያስገባና ሲያግድ ይውላል፤ ማታ ድልድይ ሥር ይገባል። ያን ጊዜ ፈትለወርቅ «አይዞህ» ብላው ዳቦ ገዝታለት ነበር። ዳቦ!

አዲሱ ቅጽ በወጣ በአሥራ አራተኛው ቀን ነጠላዋን አጣፍታ ወረዳው ሄደች።

መስኮት ሦስት ላይ የተቀመጠችው ጸሐፊ ሀመልማል ትባላለች፤ መስኮት ሁለትና አራት ላይ ያሉትም ሀመልማል ናቸው። ልጅቱ ክፉ አልነበረችም። ፈገግ ብላ ተቀበለቻት፣ ቅጹን ከፈተች፣ አሥራ ሁለቱን ስም በጣቷ እየነካች ቆጠረች።

«የሉም እኮ፣ እማማ።»

«ወደ ታች አውርጂው የኔ ልጅ። አንድ ረድፍ ናት። አንድ!»

«ማውረድማ መነካካት ነው። የተነካካ ቅጽ ማስረጃ አይሆንም።» ልጅቱ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ወደ ተለጠፈ ካርቶን አመለከተች። ማውረጃው እንዳይነካ ተሸፍኗል።

«ያን አዋጅ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ሀመልማል በትሕትና ሳቀች። «እማማ፣ እያንዳንዱ ባለጉዳይ እኮ አንድ ነገር ጽፌያለሁ ይላል።»

«እጄን እዪ። ብዕር ስጪኝ። ያን ግድግዳ ላይ የሰቀላችሁትን ማስታወሻ ፊደል ለፊደል እጽፍልሻለሁ።»

ማስታወሻው በአዳራሹ መሐል በመስታወት ፍሬም ውስጥ ተሰቅሏል። ከሥሩ ትኩስ አበባ አለ። ባለጉዳይ ሲገባ ለማስታወሻው ራሱን ዝቅ ያደርጋል፤ ማንም አላዘዘውም፣ ግን ሌላው ሲያደርግ ያየ ያደርጋል።

ጫጫታው የጽሕፈት ቤቱን ኃላፊ አቶ ሀብቴን ከቢሮው አወጣው። ወፍራም፣ ሰላምተኛ ሰው ነው፤ የዓመቱ ሪፖርት የሚደርስበት ሳምንት ስለነበረ ፊቱ ላይ ርሃብ ይታይ ነበር። ፈትለወርቅ የጻፈችውን ወረቀት ተቀበለ። ወደ ፍሬሙ ሄደ፣ አስተያየ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ።

«ይህ የ‹ት› እግር…» አለ።

«አባቴ ያስተማረኝ ነው። እርሱም ሲጽፍ እግሯን ያጎብጣት ነበር።»

«እናቴ፣ ባለታሪክ ነዎታ!» አቶ ሀብቴ ዓይኑ በራ። የማስታወሻው ጸሐፊ በሕይወት ተገኘች ማለት ለሪፖርት ምን ማለት እንደሆነ ሲያስበው ምራቁን ዋጠ። «ፍሬሙ ይውረድ! ጎን ለጎን አድርገን ፎቶ እናነሣለን!»

ጋሽ ጻድቁ ከበሩ ተጠርቶ በሰንጢው የፍሬሙን ጀርባ ፈታ። መስታወቱን ሲያነሣ የታጠፈው ግማሽ ወረቀት ቀስ ብሎ ተዘረጋ።

በአዳራሹ ውስጥ ሰማንያ የሚሆን ሰው ተሰልፏል። አቶ ሀብቴ ማስታወሻውን ከፍ አድርጎ፣ ለካሜራው አገጩን አስተካክሎ ማንበብ ጀመረ። «‹የሚታየውን ብቻ አትሙ።›» ሰዉ አብሮት ደገመው፤ ጸሎት እንደሚያደርስ ሁሉ በአንድ ድምፅ አለ። አቶ ሀብቴ ግን ዓይኑ ወደ ታች ሄደ። «‹ወረቀት ሲገባ ወደ ታች አውርዳችሁ የቀሩትን በ…›» ድምፁ አነሰ፣ ቀጠነ፣ ጠፋ።

«ጨርሰው!» አለች ፈትለወርቅ። «‹በሁለተኛ ገጽ አትሙ› ነው የሚለው! ወረቀት እኮ በሦስተኛው ሳምንት ገባ! ለሁለት ሳምንት የተጻፈች ቁራጭ ወረቀት ናት፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት ያስጎነበሰቻችሁ!»

ከሰልፉ አንድ ሰውዬ «እና?» አለ። ፈትለወርቅ ዞር ብላ አየቻቸው። ሁሉም ተራቸው እንዳይወሰድባቸው ከፊታቸው ያለውን ሰው ጀርባ ይዘዋል።

አቶ ሀብቴ ማስታወሻውን እንደገና አየ። የሚያስብ ሰው መስሎ ቆየ። ቀጥሎ የታችኛውን ግማሽ ወደ ኋላ መለሰው። ሠላሳ ሦስት ዓመት የታጠፈ ወረቀት ስለሆነ አላስቸገረም።

«ይህኛው ክፍል አይታይም ነበር» አለ።

«አሁን ታየ አይደል እንዴ! አንብበኸዋል!»

«ያየነው ፍሬም ፈትተን ነው፣ እናቴ። ያ ደግሞ መነካካት ነው። ቅርስ ነው ይሄ።» ድምፁ ለስላሳ ነበር፤ ከልቡ ያዘነላት ይመስላል። «ግን አቤቱታዎን ንቀን አናልፍም። ሀመልማል፣ የወይዘሮዋን ግኝት በዛሬው የአቤቱታ ቅጽ ላይ አስገቢ።»

ሀመልማል ገብታ ጻፈች። «ገብቷል» አለች። «አሥራ ሦስተኛ ሆኖ።»

«በጣም ጥሩ» አለ አቶ ሀብቴ፤ ፍሬሙን አስገጥሞ፣ አበባውን አስተካክሎ ወደ ቢሮው ገባ። የምስጋና የምስክር ወረቀት ሊሰጣት ፈልጎ ነበር፤ ስሟ ግን የሚታተምበት ቦታ አልተገኘም።

ፈትለወርቅ ደጁ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። አንድ ነገር ግን ገረማት፤ አንድም ሰው ውሸታም አላላትም። ሁሉም አመናት። ማመናቸው ምንም አለመጥቀሙ ነው የገረማት። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ ይኸው ሥሩ ተነቅሎ በአዳራሽ ታየ፣ ነገሩም እንደነበረ ነው።

ጋሽ ጻድቁ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። አውራ ጣቱን የሰንጢው ስለት ቧጨር አድርጎታል፤ ከኪሱ የፕላስተር ጥቅል አውጥቶ በጥርሱ ቆረጠ።

«አንቺ ነሽ ለካ» አለ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ዘጠኝ ዓመት ድልድይ ሥር ሳድር ማን እንደጻፈው አስብ ነበር። ትልቅ ሰው መስሎኝ፣ ባለ መኪና። ዳቦ ያመጣሽልኝ ዕለት እንኳ አልነገርሽኝም።»

«አፈርኩ።»

«ማፈርሽ ደግ ነው» አለ ጋሽ ጻድቁ። «ግን እኔ ከመውደቄ ቀድመሽ ማፈር ነበረብሽ።»

ይህን ሲላት አንገቷን ደፋች። ስድስት ሰዓት ሆኖ ጸሐፊዎቹ እየተሳሳቁ ለምሳ ሲወጡ አየቻቸው። ሦስቱም ሀመልማሎች ሲያልፉ ለፍሬሙ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ሦስተኛዋ ስልኳን እያየች ስለነበር ለግድግዳው መብራት ነው ዝቅ ያለችው። ፈትለወርቅ የፕላስተሩን ጥቅል አየች።

«ጋሼ፣ አንድ ቁራጭ ቁረጥልኝ።»

«ተቆረጥሽ?»

«በሩን ጠብቅልኝ ብቻ።»

ወደ ጸሐፊዎቹ ክፍል ገብታ ከቆሻሻ ቅርጫቱ ጫፉ የወየበ ወረቀት አነሣች። የጻፈችው ከሦስት ቃል አይበልጥም። ያኔ ብዙ አስረድታ ነበር፤ ምክንያቱን፣ ጊዜውን፣ አካሄዱን ሁሉ ጽፋ ነበር። ዛሬ ምክንያት አልጻፈችም። የ‹ት›ን እግር እንደ አባቷ አጎበጠች፣ ወረቀቱን ከጽሑፉ ሥር ጥፍር የሚያህል ቦታ እንኳ ሳታስተርፍ ቀደደች፣ መስኮት ሦስት ስክሪን ጠርዝ ላይ ለጠፈች። የሚታጠፍ አልነበረውም። ወጥታ ከሰልፉ መጀመሪያ ቆመች።

ሀመልማል ከምሳ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ጥርሷን በስንጥር እየጎረጎረች ማስታወሻውን አነበበች። «ሁለተኛ ገጽም አትሙ።» ግራ ቀኟን አየች። ማን ለጠፈው ብላ አልጠየቀችም፤ ከየት መጣ አላለችም። ከአንድ ሰዓት በፊት አንዲት አሮጊት በሕይወት ቆማ ስትለምናት አዋጅ የጠቀሰች ልጅ፣ ቁራጭ ወረቀት ሲያዛት ጊዜ አላጠፋችም። ካርቶኑን ገነጠለችው።

«ቀጣይ!»

ማተሚያው መጀመሪያ አሥራ ሁለቱን አወጣ። ቀጥሎ ሌላ ወረቀት ሳበ። ሁለተኛው ገጽ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ከላይ አንድ መስመር ብቻ አለው። ፈትለወርቅ መኩሪያ፣ ዕድሜ ስልሳ አራት። ማኅተሙ ዷ ብሎ አረፈ። ፈትለወርቅ ደስ ይለኛል ብላ ጠብቃ ነበር። ደስ ያላት ግን ትንሽ ነው፤ የበለጠው እልህ ነበር፣ ከእልሁም የበለጠው እፍረት።

«ጋሽ ጻድቁን አውጪልኝ» አለች ከመስኮቱ ሳትነቃነቅ። «ጻድቁ ወልደየስ።»

«ከተራው ውጭ…»

«ከእኔ ጋር ነው የመጣው።»

ወጣ። ጋሽ ጻድቁ ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ ስሙን አነበበ፣ ደገመው፣ ከዚያ ቆቡን አውልቆ በሩ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የማንንም ቅጽ አልጠየቀም። ወሬው ድልድይ ሥር የደረሰው ከአውቶቡስ ቀድሞ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፋንታሁኖች፣ ፍሬሕይወቶች፣ ጸዳለዎች ግቢውን ሞልተውታል። እነዚያ ተራ ጠባቂዎች፣ ጠዋት «እና?» ያለው ሰውዬ ጭምር፣ ሁልጊዜም እንዲህ ይሁን ሲሉ እንደነበር እርስ በርሳቸው ይመሰካከሩ ጀመር።

አቶ ሀብቴ በግርግሩ ወጣ። ማስታወሻውን ጎንበስ ብሎ አነበበ።

«ይሄ መቼ ተለጠፈ?»

«ነበረ መሰለኝ» አለች ሀመልማል።

አቶ ሀብቴ የ‹ት›ን እግር አየ። የሆነ ነገር ትዝ ሊለው ሲል፣ ሪፖርቱ ትዝ አለው። ግቢውን የሞላውን ሰው፣ የሚሠራውን ማተሚያ አየ፤ ፊቱ ፈካ።

«ጎበዞች! ፍሬም ይሠራለት። ፎቶ አንሡና ለበላይ ላኩ፤ ምርጥ ተሞክሮ ነው።»

ፈትለወርቅ ሁለቱን ወረቀት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ልትወጣ ነበር። ከበሩ ተመለሰች።

«ፎቶውን ስታነሡት ሙሉውን አንሡት» አለች። «ፍሬሙንም ሰፋ አድርጉት። ሌላ የሚጨመርበት ቦታ ይኑረው።»

አቶ ሀብቴ እንደማያውቃት ሰው አያት። እውነቱን ለመናገር አላወቃትም።

«እርስዎ ማን ነዎት፣ እናቴ?»

«ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለሁት ነኝ» አለችው፤ ሀሴት የምትታጠብበት ሰዓት ሳያልፍባት ወደ ቤቷ ሄደች።